የአሜሪካ ፓርቲዎች የፕሬዚዳንት ዕጩአቸውን በቅድመ ምርጫ እንዴት ይመርጣሉ? ከመነሻው እስከ ጉባኤው

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024 በኔቫዳ ግዛት የሪፐብሊካን ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ተደረገ። በዚያ ጊዜ ከውድድሩ ካልወጡት ታዋቂ ተወዳዳሪዎች መካከል ስማቸው በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የነበረው ኒኪ ሄሊ ብቻ ነበሩ፤ ቢሆንም ተሸነፉ። ያሸነፋቸውም ሰው አልነበረም። የኔቫዳ ሕግ «ከእነዚህ ዕጩዎች ማንንም አልመርጥም» የሚል መስመር በወረቀቱ ላይ እንዲኖር ስለሚያዝ፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው መራጭ ምልክቱን እዚያ ላይ አድርጎ ወጣ። ከ2 ቀን በኋላ ፓርቲው ራሱ በጠራው ካውከስ፣ ማለትም መራጮች ተሰብስበው በሚመርጡበት ስብሰባ፣ ዶናልድ ትራምፕ የግዛቲቱን ልዑካን ጠቅልለው ወሰዱ። መንግሥት ገንዘብ አውጥቶና ጣቢያ ከፍቶ ያስፈጸመው ምርጫ አንድም ልዑክ ሳያስገኝ ቀረ።

ይህ ገጠመኝ እንግዳ ቢመስልም የአሠራሩን ውስጠኛ አጥንት ያሳያል። ምርጫውን የሚያስፈጽመው አብዛኛውን ጊዜ የግዛት መንግሥት ነው፤ ዕጩነቱ ግን የፓርቲው ነው፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነውም የፓርቲው ደንብ ነው። መራጩም በቅድመ ምርጫ ቀን የሚያደርገው፣ ጠበቅ አድርገን ስንናገረው፣ ወደ ፓርቲው ብሔራዊ ጉባኤ የሚሄዱ ልዑካን እንዴት እንደሚከፋፈሉ መወሰን ነው። ዴሌጌት የሚባሉት እነዚህ ልዑካን ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ፣ ማን ስንት ልዑክ አገኘ በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ዘመኖቹና ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደረጃዎቹ በፊት፦ አሠራሩ ከየት መጣ?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ፓርቲ አንድም ቃል አይናገርም፤ ስለ ቅድመ ምርጫም እንዲሁ። ለረጅም ጊዜ ዕጩውን የሚመርጡት በጉባኤ የሚሰበሰቡ የፓርቲ ሹማምንት ነበሩ። በ1924 ዴሞክራቶች ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው ለመስማማት 103 ጊዜ ድምፅ መስጠት አስፈልጓቸዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንዳንድ ግዛቶች ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጥበትን ቅድመ ምርጫ ቢጀምሩም ውጤቱ ከምክር ብዙም አያልፍም ነበር። በ1912 ቴዎዶር ሩዝቬልት አብዛኞቹን የሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫዎች አሸንፈው ሳለ ጉባኤው ዊልያም ታፍትን መረጠ።

ነገሩ የተቀየረው በ1968 ነው። በዚያ ዓመት ሂዩበርት ሃምፍሪ አንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ የዴሞክራቶች ዕጩ ሆኑ፤ ቺካጎ ላይ ጉባኤው በሚካሄድበት ሰሞንም ፖሊስና ተቃዋሚዎች በጎዳና ላይ ተጋጩ። ከዚያ ሽንፈትና ውርደት በኋላ ፓርቲው በሴናተር ጆርጅ መክገቨርንና በምክር ቤት አባሉ ዶናልድ ፍሬዘር የተመራ ኮሚሽን አቋቁሞ፣ ልዑካን የሚመረጡበት መንገድ ለአባላት ሁሉ ክፍት እንዲሆን አዘዘ። ብዙ ግዛቶች አዲሱን ግዴታ ለመወጣት ቀላሉ ዘዴ ቅድመ ምርጫ ማካሄድ ሆኖ አገኙት፤ የግዛት ሕግ በመለወጡም ሪፐብሊካኖቹ በዚያው ጎዳና ገቡ። ዛሬ «ጥንታዊ ባህል» ተደርጎ የሚወራለት ሥርዓት ዕድሜው እንግዲህ ከ1972 አይዘልም።

1ኛ ደረጃ፦ ፓርቲው ደንቡንና የጊዜ ሰሌዳውን ያወጣል

ከምርጫው ዓመት አስቀድሞ የሁለቱም ፓርቲዎች ብሔራዊ ኮሚቴዎች ለእያንዳንዱ ግዛት ስንት ልዑክ እንደሚደርሰው፣ ማን መጀመሪያ ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ሰሌዳውን የጣሰ ግዛት ምን እንደሚቀጣ ይወስናሉ። በ2024 የሪፐብሊካኑ ጉባኤ 2,429 ልዑካን ነበሩት፤ ስለዚህ ዕጩ ለመሆን 1,215 ያስፈልግ ነበር። በዴሞክራቶች በኩል ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው።

መጀመሪያ የሚመርጥ ግዛት የጋዜጠኛውንም፣ የገንዘቡንም፣ የተወዳዳሪውንም ትኩረት ስለሚያገኝ ቀኑ ራሱ የጠብ መነሻ ነው። ኒው ሃምፕሸር ቅድመ ምርጫዋ ከሌሎች ግዛቶች ተመሳሳይ ምርጫ ቢያንስ በ7 ቀን መቅደም እንዳለበት በሕግ ደንግጋለች። በ2024 የዴሞክራቶች ኮሚቴ የመጀመሪያነቱን ለደቡብ ካሮላይና ሲሰጥ ኒው ሃምፕሸር እምቢ ብላ ጃንዋሪ 23 ቀን መረጠች። ጆ ባይደን ስማቸውን በወረቀቱ ላይ ባያስገቡም ደጋፊዎቻቸው በእጃቸው እየጻፉ አሸናፊ አደረጓቸው። በ2008 ደግሞ ሚሺጋንና ፍሎሪዳ ከተፈቀደው ቀን ቀድመው በመምረጣቸው የዴሞክራት ልዑካኖቻቸው ተቀጥተው፣ ጉዳዩ በሂላሪ ክሊንተንና በባራክ ኦባማ መካከል ለወራት ሲያወዛግብ ከርሟል።

2ኛ ደረጃ፦ ተወዳዳሪው ይመዘገባል፣ ገንዘብ ያሰባስባል

ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚሻ ሰው በትውልድ ዜጋ መሆን፣ 35 ዓመት መሙላት፣ ለ14 ዓመት በአገሪቱ መኖር አለበት። ዜግነት በመሐላ ያገኘ አበሻ ለዚህ ወንበር አይበቃም፤ አሜሪካ ውስጥ የተወለደች ልጁ ግን ትበቃለች። ከ5,000 ዶላር በላይ የሰበሰበ ወይም ያወጣ ተወዳዳሪ በፌዴራል የምርጫ ኮሚሽን ዘንድ ተመዝግቦ ሒሳቡን በየጊዜው ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

አንድ ግለሰብ ለአንድ ተወዳዳሪ መስጠት የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ አለው፤ በ2024 ዑደት 3,300 ዶላር ነበር። ቅድመ ምርጫውና ጠቅላላ ምርጫው ለየብቻ ስለሚቆጠሩ በሁለቱ ተደምሮ 6,600 ይደርሳል። ሱፐር ፓክ የሚባሉት ድርጅቶች ግን ከተወዳዳሪው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ያለ ጣሪያ ያወጣሉ። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ማዋጣት በሕግ ተፈቅዶለታል፣ ድምፅ መስጠት ግን አልተፈቀደለትም። በስህተት እንኳ ለመራጭነት መመዝገብ የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክልና ከዚያም የከፋ ነገር ሊያስከትል ስለሚችል፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የሚቀርብልዎትን የምዝገባ ጥያቄ አንብበው ይመልሱ።

ገንዘብ ብቻውን ግን ዕጩ አያደርግም። ማይክል ብሉምበርግ በ2020 ከራሳቸው ኪስ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው በአንደኝነት ያሸነፉት አሜሪካን ሳሞአ የምትባለውን የፓስፊክ ደሴት ግዛት ብቻ ነበር።

3ኛ ደረጃ፦ በየግዛቱ ወረቀት ላይ ስም ማስፈር

አንድ ማዕከላዊ መዝገብ የለም። ተወዳዳሪው በ50ዎቹ ግዛቶች፣ በዋሽንግተን ዲሲና በደሴት ግዛቶች ለየብቻ ማመልከት፣ በአንዱ ክፍያ መክፈል፣ በሌላው ፊርማ ማሰባሰብ አለበት። የፊርማውን ነገር ቀላል የሚመስለው ሰው የቨርጂኒያን ታሪክ ይመልከት። በ2012 ግዛቲቱ 10,000 ፊርማ፣ ከእያንዳንዱ የኮንግረስ ወረዳም ቢያንስ 400 ትጠይቅ ነበር። የቀድሞው የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኑት ጊንግሪች በዚያው በቨርጂኒያ የሚኖሩ ሆነው ሳለ የሚፈለገውን ያህል ትክክለኛ ፊርማ ማቅረብ ስላልቻሉ ለጎረቤቶቻቸው እንኳ በወረቀት ላይ ሳይቀርቡ ቀሩ። ከሪፐብሊካን ተወዳዳሪዎች የቀረቡት ሚት ሮምኒና ሮን ፖል ብቻ ነበሩ። ፊርማ አሰባሳቢዎች ከሚፈለገው በላይ አብዝተው የሚሰበስቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲጣራ የሚወድቀው ብዙ ነውና።

4ኛ ደረጃ፦ መራጩ ይዘጋጃል

ለአንባቢ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ስለሆነ ረዘም አድርጌዋለሁ።

ወንድማማቾች ናቸው እንበል፤ አንዱ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ሌላው በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። በመኪና የማይርቅ መንገድ ነው የሚለያያቸው፤ እሑድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፣ ቡናም አብረው ይጠጣሉ። የቨርጂኒያው ወንድም ለመራጭነት ሲመዘገብ የፓርቲ አባልነት አይጠየቅም፤ በምርጫው ቀን ሁለቱም ፓርቲዎች ምርጫ ካላቸው የጣቢያው ሠራተኛ «የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት ልስጥዎት?» ትለዋለች፣ አንዱን ይመርጣል፣ በቃ። የሜሪላንዱ ወንድም ግን በምዝገባው ላይ ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን ብሎ ካላስመዘገበ የፕሬዚዳንት ቅድመ ምርጫ ወረቀት አይሰጠውም። ሜሪላንድ በምርጫው ቀን አዲስ መራጭ ትመዘግባለች፤ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ግን ፓርቲውን መቀየር ያለበት ከሳምንታት በፊት ነው። ወንድሙ እንደገባ ገብቶ እንደሚወጣ አስቦ የሄደው ሰው በር ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው። የቨርጂኒያው ዓይነት ክፍት፣ የሜሪላንዱ ዓይነት ዝግ ቅድመ ምርጫ ይባላል።

በሁለቱ መካከል ብዙ ዓይነት አለ። ኮሎራዶ ፓርቲ ለሌለው መራጭ የሁለቱንም ፓርቲዎች ወረቀት በፖስታ ትልክለታለች፤ አንዱን ብቻ ሞልቶ መመለስ ይኖርበታል፣ ሁለቱን ከመለሰ ሁለቱም ይሠረዛሉ። በዋሽንግተን ግዛት መራጩ የፓርቲ ምርጫውን በፖስታው ላይ ምልክት ማድረግ አለበት፤ ያንን ከረሳ በውስጡ ያለው ድምፅ አይቆጠርም። ሚኒሶታ ላይ የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደጠየቁ ተመዝግቦ ለፓርቲዎቹ ይተላለፋል፤ የፖለቲካ ዝንባሌውን ለማንም ማሳወቅ የማይፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ጆርጂያና ቴክሳስ ክፍት ናቸው።

ቀነ ገደብ ማንንም አይምርም። በ2016 በኒው ዮርክ ቅድመ ምርጫ የዶናልድ ትራምፕ ልጆች ኢቫንካና ኤሪክ ለአባታቸው ድምፅ መስጠት አልቻሉም። የፓርቲ ምዝገባን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ከምርጫው ከ6 ወር በፊት ተዘግቶ ነበርና። ኒው ዮርክ ከዚያ ወዲህ ቀኑን አቅርባዋለች፤ ትምህርቱ ግን ለሌላው ግዛት ሁሉ ይሠራል። የአባት ስም በዕጩዎች ዝርዝር ላይ ቢኖርም መዝገቡ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ከምርጫው ዓመት ጃንዋሪ በፊት የሚከተለውን ያረጋግጡ። በመጀመሪያ ስምዎና አድራሻዎ በመራጮች መዝገብ ላይ በትክክል መስፈሩን በግዛትዎ የምርጫ ቢሮ ድረ ገጽ ይመልከቱ፤ በተለይ ስማችን በፓስፖርት፣ በመንጃ ፈቃድና በዜግነት ወረቀት ላይ በተለያየ አጻጻፍ የመስፈር ልማድ ስላለው ይህ የይስሙላ ምክር አይደለም። ቀጥሎ ግዛትዎ ዝግ ምርጫ የሚያካሂድ ከሆነ ፓርቲዎን ያስመዝግቡ። ይህ የመዋጮ ወይም የመታወቂያ ግዴታ የሚያስከትል አባልነት አይደለም፣ በጠቅላላው ምርጫም ለሌላው ፓርቲ ድምፅ ከመስጠት አያግድዎትም። «ፓርቲ» የሚለውን ቃል ከአገር ቤት በመጣንበት ፍርሃት ሰምተው ከምዝገባው የሚሸሹ ወላጆች ስለማውቅ ነው ይህን የምለው። ቤት ውስጥ የ17 ዓመት ልጅ ካለም በኖቬምበሩ ምርጫ ቀን 18 የሚሞላው ከሆነ በብዙ ግዛቶች፣ ከእነዚህም መካከል በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ፣ በቅድመ ምርጫው መምረጥ ይችላል።

ቋንቋ የሚያሳስበው መራጭ በዲሲ በአማርኛ የተዘጋጀ የመራጮች መረጃ ያገኛል። በየትኛውም ግዛት ደግሞ ማንበብ ወይም መጻፍ የሚቸግረው ሰው የሚያምነውን ረዳት፣ ልጁንም ቢሆን፣ ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው እንዲገባ የፌዴራል ሕግ መብት ይሰጠዋል። የተከለከሉት ረዳቶች አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ናቸው።

5ኛ ደረጃ፦ ቀኑ ሲደርስ፣ ቅድመ ምርጫ ወይም ካውከስ

ቅድመ ምርጫ ማንም የሚያውቀው ዓይነት ምርጫ ነው፤ ተሰልፎ ገብቶ፣ በምሥጢር ምልክት አድርጎ መውጣት፣ ወይም በፖስታ መላክ። ካውከስ ግን በተወሰነ ሰዓት የሚጀመር ስብሰባ ነው። በማታ ፈረቃ የሚሠራ፣ ልጅ የሚጠብቅለት ያጣ ወይም የታመመ ሰው ይቀርበታል፤ እኔ በበኩሌ የካውከሶች ቁጥር እየቀነሰ መሄዱን በደስታ ነው የማየው።

ለዓመታት ስሙ የገነነው የአዮዋ ዴሞክራቶች ካውከስ እንዲህ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ በር ይዘጋል። ጎረቤታሞች በክረምት ካፖርታቸው እንዳሉ የየደጋፊዎቻቸውን ምልክት ይዘው በየማዕዘኑ ይቆማሉ፤ የዚህኛው ተወዳዳሪ ደጋፊዎች በቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር፣ የዚያኛው በወንበሮቹ በኩል። ሰብሳቢው አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከተሰበሰበው ሰው ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ያልሞላ ቡድን ይፈርሳል፤ ያኔ የሌሎቹ ቡድኖች ሰዎች እየመጡ «ወደኛ ና» እያሉ ያግባቡታል፣ ከዚያ ዳግም ይቆጠራል። ሁሉም ነገር ለጎረቤት ግልጽ ነው፤ ከአለቃህ ወይም ከአከራይህ ፊት የት እንደምትቆም ማሰብ ነው እንግዲህ። በ2020 ውጤቱን ለማስተላለፍ የተዘጋጀው የስልክ መተግበሪያ ሥራውን በአግባቡ ሳይሠራ ቀርቶ አገር ሁሉ ለቀናት ውጤት ሲጠብቅ ሰነበተ። በ2024 የአዮዋ ዴሞክራቶች የዕጩውን ምርጫ በፖስታ አደረጉት። ሪፐብሊካኖቹ አሁንም በአካል ይሰበሰባሉ፤ ንግግር ከሰሙ በኋላ በብጣሽ ወረቀት ላይ ስም ጽፈው በምሥጢር ያስገባሉ።

ማንንም ያልወደደ መራጭ በአንዳንድ ግዛቶች «ለማንም ያልወገነ» የሚል ምርጫ ያገኛል። በ2024 በጋዛ ጦርነት ምክንያት የባይደንን ፖሊሲ የተቃወሙ ከ100,000 በላይ የሚሺጋን ዴሞክራቶች ይህን መርጠዋል፤ በሚኒሶታም ድምፁ ልዑክ ለማግኘት የሚያስፈልገውን 15 በመቶ አልፎ የራሱን ልዑካን አስገኝቷል።

6ኛ ደረጃ፦ ድምፅ ወደ ልዑክ ይለወጣል

ብዙ ዘገባ የሚስተው እዚህ ነው። ቴሌቪዥኑ «እገሌ ግዛቲቱን አሸነፈ» ብሎ ካርታ ቀለም ይቀባል፤ ዕጩነቱን የሚወስነው ግን በስንት ልዑክ ልዩነት አሸነፈ የሚለው ነው።

ዴሞክራቶች በሁሉም ግዛት ልዑካኑን በድምፅ መጠን ያካፍላሉ፤ ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ተወዳዳሪ ግን ከክፍፍሉ ይወጣል። ለምሳሌ 10 ልዑካን ባሉበት ቦታ አራት ተወዳዳሪዎች 48፣ 30፣ 12 እና 10 በመቶ አገኙ እንበል። ሁለቱ የኋለኞቹ ይሠረዛሉ፤ የቀረው 78 እንደ መቶ ተቆጥሮ የመጀመሪያው 61.5፣ ሁለተኛው 38.5 በመቶ ይሆናሉ። በ10 ልዑክ ሲባዛ 6.15 እና 3.85 ይመጣል፤ ሙሉ ቁጥሮቹ 6 እና 3 ተሰጥተው የቀረው አንድ ልዑክ ትልቁ ሽርፍራፊ ላለው ይሄዳል፣ ውጤቱም 6 ለ 4 ነው። 22 በመቶ የሚሆነው መራጭ ድምፁ ያለ ልዑክ ቀረ ማለት ነው።

አብዛኛው ልዑክ የሚከፋፈለው ደግሞ በኮንግረስ ወረዳ ነው፤ እዚህ የወረዳው ልዑካን ቁጥር ለሁለት እኩል የሚካፈል ወይም ጎዶሎ መሆኑ ራሱ ዕጣ ፈንታ ነው። 4 ልዑክ ባለው ወረዳ ሁለት ተወዳዳሪዎች 59 ለ 41 ቢለያዩ ልዑካኑን 2 ለ 2 ይካፈላሉ፤ 3 ለ 1 ለማድረግ ከ62.5 በመቶ ማለፍ ያስፈልጋል። 5 ልዑክ ባለው ወረዳ ግን 51 ለ 49 ብቻ በቅቶ 3 ለ 2 ይሆናል። ጎበዝ የዘመቻ አስተዳዳሪ ገንዘቡን ወዴት እንደሚልክ የሚወስነው በዚህ ሒሳብ ነው።

የ2008ቱ የኦባማ ዘመቻ የረታው በዋነኝነት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሂላሪ ክሊንተን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠባት ኒው ጀርሲ አሸንፈው 59 ለ 48 ልዑካን ወሰዱ፤ ትርፋቸው 11 ነው። በዚያው ቀን ኦባማ ጥቂት ዴሞክራቶች ብቻ በሚኖሩባት በአይዳሆ ካውከስ 15 ለ 3 አሸነፉ፤ ትርፋቸው 12። ክሊንተን ትልልቁን ግዛት እያሳደዱ ሳለ ሌላው ወገን ማንም በማይሄድባቸው ትንንሽ ግዛቶች ቢሮ ከፍቶ ነበር።

ሪፐብሊካኖች ደንቡን በአብዛኛው ለግዛቶቹ ይተዋሉ። በ2024 ከማርች 15 በፊት የሚመርጡ ግዛቶች በመጠኑ ማካፈል ሲጠበቅባቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚመርጡት «አሸናፊ ሁሉን ይወስዳል» ማለት ይችሉ ነበር። ቀድመው የሚመርጡ ግዛቶችም ቢሆኑ ከግማሽ በላይ ላገኘ ሁሉን እንዲሰጡ ተፈቅዷል። ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የ2016ን ደቡብ ካሮላይና መመልከት ይበቃል፤ ትራምፕ ከድምፁ አንድ ሦስተኛ ገደማ አግኝተው 50ውንም ልዑካን ወሰዱ። በዴሞክራቶች ደንብ ቢሆን ኖሮ ለሦስት ይካፈሉ ነበር። ብዙ ተወዳዳሪ ባለበት ሜዳ የሪፐብሊካኑ ደንብ መሪውን ቶሎ ያርቃል፤ የዴሞክራቶቹ ደግሞ ሁለተኛ የወጣውን እስከ መጨረሻው ያቆየዋል።

7ኛ ደረጃ፦ ሜዳው ይጠባል

በመጀመሪያዎቹ ግዛቶች የሚገኘው ልዑክ እፍኝ አይሞላም። ዋጋቸው ማንን ከውድድር እንደሚያስወጡ ነው፤ ደካማ ውጤት ለጋሾችን ያሸሻል፣ ገንዘብ ያለቀበት ዘመቻም ይዘጋል። ከዚያ ሱፐር ቱስደይ የሚባለው ማክሰኞ ይመጣል። በ2024 ማርች 5 ቀን 15 ግዛቶች በአንድ ቀን መርጠዋል።

በ2020 ባይደን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሸር አምስተኛ ወጥተው ነበር። ፌብሩዋሪ 26 ቀን የደቡብ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ድጋፋቸውን ሰጧቸው፤ በ3 ቀን ውስጥ ግዛቲቱን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ወዲያው ፒት ቡቲጄጅና ኤሚ ክሎቡቻር ከውድድር ወጥተው ከጎናቸው ቆሙ፤ ማክሰኞ ማርች 3 ቀን ድምፅ ከሰጡት 14 ግዛቶች 10ሩን ባይደን ወሰዱ። ከአንድ ሳምንት በታች በሆነ ጊዜ ነው ይህ ሁሉ የተገለበጠው።

ሰሌዳው በዚህ መንገድ ስለተጨናነቀ ዘግይቶ የሚመርጥ ግዛት ብዙ ጊዜ ያለቀ ነገር ይደርሰዋል። በ2024 ባይደንም ትራምፕም የሚያስፈልጋቸውን የልዑካን ቁጥር ማርች 12 ቀን ሞሉ፤ ሜሪላንድ የመረጠችው ግን ሜይ 14 ነው። ቢሆንም በዚያው ወረቀት ላይ የሴኔት ዕጩነት ፉክክር ስለነበር፣ አንጀላ አልስብሩክስ ዴቪድ ትሮንን ያሸነፉትም በዚያ ቀን ስለሆነ፣ «ፕሬዚዳንቱ ታውቋል» ብሎ እቤቱ የቀረ መራጭ ትልቁን ምርጫ ነው ያመለጠው።

8ኛ ደረጃ፦ ልዑካኑ እነማን ናቸው?

ቅድመ ምርጫው የቁጥሩን ክፍፍል ይወስናል፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ፣ በወረዳና በግዛት የፓርቲ ስብሰባዎች ነው። ልዑክ ለመሆን ሴናተር መሆን አያስፈልግም፤ ለፓርቲው ያመለከተ፣ ቅስቀሳ ያደረገ፣ በስብሰባው የተመረጠ መምህር ወይም ነርስ ሊሆን ይችላል፣ በመሐላ ዜግነት ያገኘ ሰውም ይችላል። የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪው ግን በአብዛኛው ከኪሱ ነው።

ዴሞክራቶች በልዑካኑ መካከል የሴትና የወንድ ቁጥር እኩል እንዲሆን ይጠይቃሉ። ሱፐር ዴሌጌት የሚባሉ የፓርቲ ባለሥልጣናትም፣ ማለትም የኮንግረስ አባላት፣ አገረ ገዢዎች፣ የብሔራዊ ኮሚቴ አባላትና የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች፣ ማንም ሳይመርጣቸው ይገኛሉ። የ2016ቱ የሂላሪ ክሊንተንና የበርኒ ሳንደርስ ፉክክር ካስነሳው ቅሬታ በኋላ በ2018 በወጣው ደንብ መሠረት ግን ውጤቱ ያልለየለት ከሆነ በመጀመሪያው ዙር ድምፅ አይሰጡም።

ደሴት ግዛቶች የፓርቲን ባለቤትነት እዚህ ላይ ደግመው ያሳያሉ። ፖርቶ ሪኮና ጉዋም በኖቬምበሩ የፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ የላቸውም፤ ፓርቲዎቹ ግን ወደ ጉባኤው ልዑካን እንዲልኩ ፈቅደውላቸዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ የዴሞክራት ፓርቲ ደጋፊዎችም የራሳቸው ቅድመ ምርጫና ልዑካን ስላሏቸው፣ አዲስ አበባ የሚኖር አሜሪካዊ ዜጋ ከዚያው ሆኖ መሳተፍ ይችላል።

9ኛ ደረጃ፦ ብሔራዊው ጉባኤ

በጉባኤው የእያንዳንዱ ግዛት ስም ሲጠራ የልዑካኑ መሪ ድምፃቸውን ያሳውቃል። ግማሹን ያለፈ ዕጩ ይሆናል፤ ማንም ካላለፈ ዳግም ይጠራል። ከ1952 ወዲህ ግን ከአንድ ዙር ያለፈ ጉባኤ የለም፤ በየ4 ዓመቱ «ዘንድሮ ጉባኤው ይፋለሳል» የሚል ወሬ ቢነሳም።

ልዑካን መሆናቸው ሥርዓት ብቻ አለመሆኑ የታየው በ2024 ነው። ባይደን ጁላይ 21 ቀን ከውድድሩ ሲወጡ ለእርሳቸው ተመርጠው የነበሩት ልዑካን ነፃ ሆኑ። ቅድመ ምርጫው ስላለቀ ሕዝቡ ዳግም አልተጠየቀም። ፓርቲው በአዲስ ደንብ፣ ዕጩ ለመሆን የሚፈልግ ሰው የ300 ልዑካን ፊርማ እንዲያቀርብ፣ ከአንድ ግዛትም ከ50 በላይ እንዳይወስድ ወሰነ። ይህን ያሟሉት ካማላ ሃሪስ ብቻ ሆኑ፤ ልዑካኑም ቺካጎ ላይ ከመሰብሰባቸው በፊት በኢንተርኔት በተደረገ ድምፅ አሰጣጥ ኦገስት 5 ቀን መረጧቸው። በማግስቱ ሃሪስ ቲም ዋልዝን ለምክትልነት አጩ። የምክትሉ ምርጫ በደንቡ የጉባኤው ቢሆንም ዕጩው የጠራውን ስም ልዑካኑ ያጸድቁታል፤ ትራምፕም ጄ ዲ ቫንስን የጠሩት ሚልዎኪ ላይ ጉባኤው በተከፈተበት በጁላይ 15 ነው።

ከዚያ የሚቀረው የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ፓርቲው የሁለቱን ስም ለየግዛቱ የምርጫ ባለሥልጣን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የመጨረሻ ቀን አለው። ዴሞክራቶች በ2024 ድምፁን ከጉባኤያቸው ቀድመው በኢንተርኔት ለመስጠት መጀመሪያ ያሰቡት በባይደን መውጣት ሳይሆን የኦሃዮ ቀነ ገደብ ኦገስት 7፣ የጉባኤያቸው መክፈቻ ደግሞ ኦገስት 19 ስለነበረ ነው።